ጭጋጉን ማየት፦ የሺሽኪን «ንጋት በፓይን ደን» እንዴት እንደተሠራ

ደንን ከውስጡ ቆሞ መሣል ተራራን ወይም ሜዳን ከሩቅ እያዩ ከመሣል ይከብዳል። ሜዳ ላይ አድማስ አለ፤ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ያ መስመር ሥዕሉን ለሁለት ይከፍላል፣ የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነም ይናገራል። ደን ውስጥ ይህ መስመር የለም። ግንድ ግንድን ይጋርዳል፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይጠላለፋል፣ ቀለሙም አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ነው። ዓይን የሚያርፍበት አንድ ዋና ነገር በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የደን ሥዕል ፊት የቆመ ተመልካች፣ ሠዓሊው ይህን ትርምስ በምን ሥርዓት አስያዘው ብሎ ቢጀምር ብዙ ያተርፋል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆን አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ኢቫኖቪች ሺሽኪን በ1889 ያጠናቀቀው «ንጋት በፓይን ደን» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 139፣ ወርዱ 213 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሚገኘውም ሞስኮ በሚገኘው የትሬቲያኮቭ ሙዚየም ነው። ከፊት ለፊት የተገነደሰ ትልቅ ፓይን ወድቋል። አንዲት እናት ድብና ሦስት ግልገሎቿ በወደቀው ዛፍ ላይና ዙሪያ ይታያሉ። ከእነሱ በስተጀርባ መሬቱ ወደ ገደል ይወርዳል፤ ገደሉን ሰማያዊ ያዘለ ጭጋግ ሞልቶታል፤ ከጭጋጉ በላይ የዛፎቹን አናት የማለዳ ፀሐይ ወርቃማ አድርጎታል። ፓይን ከጥድ ጋር በአንድ ትልቅ ወገን የሚመደብ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ የሰሜን አገሮች ዛፍ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል በዚያ ዘመን ሊሠራ የቻለው በአጋጣሚ አይደለም። በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕሎችን በማዕረግ ይከፋፍል ነበር። ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው የታሪክ ሥዕል ነው፤ ይኸውም ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከግሪክና ከሮም አፈ ታሪክ ወይም ከነገሥታት ታሪክ የተወሰደ ትዕይንት ማለት ነው። የመልክዓ ምድር ሥዕል በዚህ መሰላል ላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነበረው። በ1863 በኢቫን ክራምስኮይ የተመሩ 14 ተማሪዎች ለወርቅ ሜዳሊያ ውድድር የታዘዘላቸውን ርዕሰ ጉዳይ አንቀበልም ብለው ከአካዳሚው ወጡ። በ1870 ደግሞ ሥዕልን ከዋና ከተማው አውጥቶ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ የሚያሳይ የሠዓሊዎች ማኅበር ተቋቋመ። ሺሽኪን ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ማኅበሩ የሠዓሊው ጉዳይ የገዛ አገሩ ሕይወትና ምድር ነው ብሎ ስለተነሣ፣ ተራ የአገር ቤት ደን ለትልቅ ሸራ የሚበቃ ርዕሰ ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የዕቃ ጉዳይ ነው። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1841 ተጨምቆ የሚወጣበትን የብረት የቀለም ቱቦ እስኪያስመዘግብ ድረስ የዘይት ቀለም ቶሎ ይደርቅና ይበላሽ ስለነበር ተሸክሞ መዞር አስቸጋሪ ነበር። ከቱቦው በኋላ ሠዓሊ ቀለሙን በሣጥን ይዞ ደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋል ቻለ። ሺሽኪን ይህን ዕድል አብዝተው ከተጠቀሙበት አንዱ ነው። በበጋ ደን ውስጥ ተቀምጦ ጥናታዊ ሥዕሎችን ይሠራል፤ ጥናታዊ ሥዕል የሚባለው ተፈጥሮን ፊት ለፊት እያዩ አንድ ነገርን፣ ለምሳሌ አንድ ጉቶን፣ አንድ ቅርንጫፍን ወይም አንድ የድንጋይ ክምርን፣ ለይቶ የሚመረምር አነስተኛ ሥራ ነው። በክረምት ደግሞ ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ በስቱዲዮው ትልቁን ሥዕል ያዋቅራል። ይህን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ሸራው ላይ ያለው ደን እንዳለ የተቀዳ አንድ ሥፍራ ሳይሆን በብዙ ምልከታ ከተጠራቀመ ዕውቀት የተገነባ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰውየው ራሱ ነው። በ1832 የተወለደው በካማ ወንዝ ዳር ባለችው የላቡጋ ከተማ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ ነው። አካባቢው በፓይን ደን የታወቀ ነበር። በሞስኮ፣ ቀጥሎም በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ተምሮ በወርቅ ሜዳሊያ ተመረቀ፤ ከዚያም በአካዳሚው ወጪ ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ሄዶ የዱሰልዶርፍን ጥንቁቅ የመልክዓ ምድር አሣሣል ቀሰመ። ከብሩሽ ሌላ የመዳብ ኅትመትም ይሠራ ነበር፤ ይኸውም መዳብ ላይ በመርፌ የተጫረን መስመር በአሲድ አስበልቶ በወረቀት ላይ ማተም ነው። በዚህ ሥራ ቀለም አይረዳም፤ የቅርፊቱ ስንጥቅ፣ የሣሩ ጎንበስታ፣ የጥላው ጥግ ሁሉ በመስመር ብቻ መነገር አለበት። የሺሽኪን ዛፎች ያላቸው ጽኑ አካል ከዚህ ልምምድ ብዙ ያገኘ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥዕሉ አሠራር እንግባ። በመጀመሪያ የሚታየው አቆራረጡ ነው። ዛፍ ቁመት ነው፤ ሸራው ግን በወርዱ የተኛ ነው። ሺሽኪን የፊተኞቹን ፓይኖች አናት በሸራው የላይኛው ጠርዝ ቆርጦ አስቀርቶታል። አንድን ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሸራው ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ዛፉ ከሸራው ያነሰ ነገር ይሆን ነበር። ጫፉ ሲቆረጥ ግን ተመልካቹ የጎደለውን በሐሳቡ ያሟላል፣ ሲያሟላም አብዝቶ ነው የሚያሟላው። ከዚህ የተነሣ 139 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ቁመት ውስጥ ረጃጅም ዛፎች ቆመው ይታዩናል። ሺሽኪን ይህንኑ ስልት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ «የመርከብ ደን» በተባለው ሥዕሉ ላይም ሠርቶበታል። ይህ 165 በ252 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ በሴንት ፒተርስበርጉ የሩሲያ ሙዚየም ይገኛል። ስሙ የመጣው ቀጥ ብለው ያደጉ ፓይኖች የመርከብ ሸራ ለሚሸከመው ምሰሶ ይቆረጡ ስለነበር ነው።

ቀጥ ብለው ማደጋቸው ራሱ ምክንያት አለው፤ ሠዓሊውም ያውቀዋል። ፓይን ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው። ተጠጋግቶ ሲበቅል የታችኞቹ ቅርንጫፎች ብርሃን ስለሚያጡ ደርቀው ይረግፋሉ፤ ዛፉ ኃይሉን ሁሉ ወደ ላይ ያደርጋል። ብቻውን ሜዳ ላይ የበቀለ ፓይን ግን ወደ ጎን ይንሰራፋል። ቅርፊቱም እንደ ከፍታው ይለያያል፦ ከታች ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀና ወደ ግራጫ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ስስና ብርቱካንማ ይሆናል። የሺሽኪንን ግንዶች ከታች ወደ ላይ በዓይን ለተከተለ ሰው ይህ ለውጥ ይታያል። እያንዳንዱ ዛፍ በአጠገቡ ካለው ጋር ለብርሃን የተሻማበት ታሪክ በቅርጹ ላይ ተጽፏል፤ ደረቅ ጉቶ ሆኖ የቀረው የታች ቅርንጫፍ የዚያ ሽሚያ ምልክት ነው። ኢቫን ክራምስኮይ የሺሽኪንን የተፈጥሮ ዕውቀት በደብዳቤዎቹ አብዝቶ ያደነቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሥዕሉ ዋና ሥራ ያለው ግን በጥልቀቱ ላይ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ የአንድ አካል መጠን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በክብሩ ነው፤ ጀርባውም አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቀለም ነው። ያ አሣሣል ርቀትን ማሳየት ጉዳዩ አይደለም። ሺሽኪን በተማረበት ልማድ ግን ጠፍጣፋን ሸራ ጥልቅ ማስመሰል የሙያው መሠረት ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመስመር ፐርስፔክቲቭ ይባላል፤ ትይዩ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ ወደ አንድ ነጥብ እንዲጠባበቡ ማድረግ ነው። መንገድ፣ ሐዲድ ወይም ሕንፃ ላለበት ሥዕል ይመቻል። ደን ውስጥ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ሩቅ የሚሄድ መስመር ስለማይገኝ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ሁለተኛው፣ የአየር ፐርስፔክቲቭ የሚባለው ነው።

አየር ባዶ አይደለም። በውስጡ እንፋሎት፣ የውሃ ጠብታና ብናኝ አለ። ብርሃን በእነዚህ ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ይበተናል። በዓይናችንና በአንድ ግንድ መካከል ያለው አየር በበዛ ቁጥር የተበተነው ብርሃን እንደ ስስ መጋረጃ ግንዱን ይሸፍነዋል። ውጤቱ ሦስት ነገር ነው፦ ጥቁሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ የቅርጹ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ወደ ቀዝቃዛው ሰማያዊና ግራጫ ያደላል። ሩቅ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሆኖም በጠራ አየር ለውጡ እንዲታይ ብዙ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ደን ውስጥ ዓይን ያን ያህል ርቆ አያይም። ጭጋግ ግን ያንኑ ለውጥ በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ያመጣዋል። ሺሽኪን ጭጋጉን የመረጠበትን ምክንያት እዚህ ላይ ነው የማየው። ያለ ጭጋግ ሁሉም ግንድ እኩል ጥቁር፣ ሁሉም ጠርዝ እኩል ስል ይሆንና ሥዕሉ ግድግዳ ይሆናል። በጭጋጉ አማካይነት ግን ደኑ በደረጃ ተከፍሏል፦ ከፊት ቅርፊቱ የሚቆጠር ግንድ፣ ቀጥሎ ጥላ መሰል ግንድ፣ ከዚያ ወዲያ ዛፍ መሆኑ በጭንቅ የሚለይ ሐመር ነገር።

ጭጋጉ በገደሉ ውስጥ መተኛቱም ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የተስማማ ነው። ሌሊት መሬት ሙቀቷን ትለቃለች፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ይወርዳል፤ እዚያም እንፋሎቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። በደጋ ያደገ አንባቢ ይህን ያውቀዋል፦ በማለዳ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ሳለ ከፍ ያለው ጉብታ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ ከፍ ስትል አየሩ ይሞቅና ጭጋጉ ይበተናል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሳየው ሰዓት አጭር ነው። ርዕሱ ባይነግረን እንኳ ንጋት መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው፤ የዛፎች አናት በወርቃማ ብርሃን ደምቆ ሥራቸው በጥላ ውስጥ መሆኑ ብቻ ለምሽትም ይሠራልና።

የአናቱ ብርሃን ወርቃማ የሆነውም በዚሁ በብርሃን መበተን ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ጨረሯ ወደ እኛ የሚደርሰው ረጅም አየር አቋርጦ ነው። በመንገዱ ላይ ሰማያዊው ክፍል ይበልጥ ይበተናል፤ የሚደርሰን ቢጫና ቀይ የበዛበት ነው። በጥላው ውስጥ ያለው ጭጋግ ደግሞ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ሰማያዊ ያዘለ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ፣ ጎን ለጎን አግኝቷል። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ሼቭሩል በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተቃራኒ ቀለሞች እርስ በርስ ይጎላላሉ። የሺሽኪን ወርቃማ ብርሃን ለብቻው ቢወሰድ ያን ያህል ደማቅ ቀለም አይደለም። የሚያበራው ሥሩ ያለው ሰማያዊ ግራጫ ነው። አንባቢ ይህን መፈተን ይችላል፦ የሥዕሉን ኅትመት ይዞ የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ቢሸፍን የላይኛው ብርሃን ይደበዝዝበታል።

ከፊት የወደቀው ግንድ ሌላ ሥራ አለው። የቆሙት ዛፎች በሙሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው፤ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያለበት ሥዕል ዓይንን ያቆማል እንጂ አይመራም። የተገነደሰው ግንድ በእነዚህ ላይ ሰያፍ ሆኖ ይገባል። ዓይን በእሱ ላይ ተጉዞ ወደ ሥዕሉ መካከል ይደርሳል። ግንዱ የደኑን ዕድሜም ይናገራል፤ ማንም ያልቆረጠው፣ በራሱ ጊዜ የወደቀ፣ ማንም ያላነሣው ዛፍ ያለበት ደን ሰው የማይደርስበት ደን ነው። ድቦቹ ያለ ስጋት መጫወታቸው ይህንኑ ያጸናል።

ስለ ድቦቹ ብዙ ተብሏል፣ ሥዕሉ ዝነኛ የሆነውም በእነሱ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በአንድ የሩሲያ ቸኮሌት መጠቅለያ ላይ ታትመው ሚሊዮኖች እጅ ገብተዋል። የመጠቅለያው መጠን ግን ጭጋጉን ማስተላለፍ አይችልም፤ ስስ የቀለም ደረጃዎች በትንሽ ርካሽ ኅትመት ላይ አንድ ይሆናሉ። የሚተርፉት ጎላ ያለ ቅርጽ ያላቸው ድቦቹ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው የድብ ሥዕል ሆኗል፤ ደኑ መድረክ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የሺሽኪን ዕድሜ ልክ ጥናት ያለበት ክፍል በዚህ መንገድ ከዓይን መሰወሩ ያሳዝናል።

ሌላው የተደጋገመ አስተያየት ሺሽኪን ፎቶግራፍ አንሺ እንጂ ሠዓሊ አይደለም የሚል ነው። ሺሽኪን ፎቶግራፍን ለጥናት ይጠቀም ነበር። ይሁን እንጂ የዘመኑ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ኬሚካሉ ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ግን ደካማ ስለነበር የፓይን ግንድ ቀላ ያለ ሙቀት ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ፣ ማለትም የሞቃትና የቀዝቃዛ ብርሃን ሚዛን፣ የጭጋጉ ደረጃ፣ የግንዱ ሰያፍነት፣ ከምርጫ እንጂ ከመቅዳት አይመጣም። ትችቱ ትክክል የሚሆንበት ቦታ ሌላ ነው። ሺሽኪን ከፊት ያለውን ሁሉ በእኩል ትጋት ይሥላል፤ ሙሱ፣ ሣሩ፣ ስንጣሪው ሁሉ እኩል ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ ዝም ቢል የሚሻል ቦታ አለ።

ይህን ለመረዳት የሌላውን ሩሲያዊ ሠዓሊ የይስሐቅ ሌቪታንን «የበርች ደን» አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሌቪታን ሥራውን በ1885 ጀምሮ በዚያው በ1889 ነው የጨረሰው፤ መጠኑ 28.5 በ50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሱም የዛፎቹን አናት ቆርጧል፣ ሰማይንም አላሳየም። ነገር ግን ቅጠልን ቅጠል አድርጎ አይሥልም፤ በነጭ ግንድና በሣር ላይ የሚረግፈውን የብርሃን ነጠብጣብ በብሩሽ ምት ይጥለዋል፣ ዓይናችን ቅጠል ያደርገዋል። ሌቪታን አንድን የሰኔ ቀን እንድንቀምስ ያደርገናል፤ ሺሽኪን ደኑ እንዴት እንደሚኖር ያስተምረናል። ለስሜት ሌቪታን ይበልጣል። ዛፍን እንደ ሕያው አካል ለማወቅ ግን ከሺሽኪን የሚበልጥ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት የሥነ ጥበብ ተቋማት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ያለፉበት ሥልጠናም በዚሁ ጥንቁቅ የተፈጥሮ ጥናት ባህል ላይ የቆመ ነበር።

የቀረው ጉዳይ የፊርማው ነው። ድቦቹን የሣለው ሺሽኪን ሳይሆን ጓደኛው ኮንስታንቲን ሳቪትስኪ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱም በሸራው ላይ ፈርመው ነበር። ሥዕሉ በ4,000 ሩብል ተሽጦ ሳቪትስኪ ሩቡን፣ 1,000 ሩብል፣ ወሰደ። ገዢው ፓቬል ትሬቲያኮቭ ግን ከሐሳቡ እስከ አፈጻጸሙ ሥራው የሺሽኪን ነው ብሎ የሳቪትስኪ ፊርማ እንዲጠፋ አደረገ።

አሁን ማስረጃው ፊታችን ስለሆነ መፍረድ እንችላለን። የሥዕሉ ጥልቀት፣ ብርሃኑና ዛፎቹ የሺሽኪን መሆናቸው አያጠራጥርም፤ በዚህ ትሬቲያኮቭ ልክ ነበር። ድቦቹ ግን ጌጥ ብቻ አይደሉም። መጠናቸውን በግምት ስለምናውቅ የግንዶቹን ውፍረትና የገደሉን ስፋት የምንለካው በእነሱ ነው። ከግልገሎቹ አንዱ በግንዱ ጫፍ ቆሞ ወደ ጭጋጉ ተመልክቷል፤ እኛም እሱ ወደሚያየው እናያለን። የሥዕሉን ዋና ሥፍራ የሚያመለክተው እሱ ስለሆነ የሳቪትስኪ ስም ሊፋቅ አይገባውም ነበር።